ያለመጫወት ጥበብ በወጣቶች ኦርኬስትራ

ስለ ወጣቶች ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚጽፍ ሁሉ የሚያወራው ስለሚጫወቱት ልጆች ነው። ይህ ጥናት የሚመለከተው የማይጫወቱትን ነው።

ለናሙና የተወሰደው የድቮርዣክ 9ኛ ሲምፎኒ፣ «ከአዲሱ ዓለም» የሚባለው ነው። ድቮርዣክ ኒው ዮርክ ሳለ ደረሰው፤ በ1893 እ.ኤ.አ. ካርኔጊ አዳራሽ ተሰማ። 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲምባል የሚመታው አንዴ ብቻ ነው፤ በአራተኛው ክፍል፣ ያውም ሳይጮኽ።

ቆጣቢ የሆነ የአዋቂዎች ኦርኬስትራ ይህችን ምት ትሪያንግል ለሚመታው ሰው ደርቦ ሊሰጣት ይችላል። የወጣቶቹ ግን እንዲህ አይጨክንም። ልጁ ብዙ ነው፤ ከየልጁ ጀርባም ወላጅ አለ። በ1948 የተመሠረተው የታላቋ ብሪታንያ ብሔራዊ የወጣቶች ኦርኬስትራ፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 19 የሆነ ከ150 በላይ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ ያስቀምጣል። ድቮርዣክ ግማሹም ይበቃው ነበር።

ታዲያ የሲምባሉ ልጅ ምን ይሠራል? ይቆጥራል። አንድ ሁለት ሦስት አራት፤ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፤ ሦስት ሁለት ሦስት አራት። በሁለተኛው ክፍል ኮር አንግሌው ያንን የታወቀ ዜማ ሲያወጣ ቆጠራው ይጠፋዋል። ትሪያንግል ወደያዘው ጓደኛው ዞር ይላል። ጓደኛው ቀድሞ እሱን እያየ ነው። (የእኛ ደብተራ ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆም መቋሚያ አለው። ለዚህ ልጅ የተሰጠው ወንበር ነው፤ ወንበር ደግሞ እንቅልፍ ይጠራል።) እናቱ ከመጀመሪያው ኖታ አንሥታ ስልኳን ደግናበታለች። ምቷ ስትደርስ ክንዷ ዝሏል።

የቱባ ነፊዋ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ድርሻዋ ሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ኖታዎቿ 15 አይሞሉም፤ እነሱንም ባስ ትሮምቦኑ አብሯት ይነፋቸዋል። መሣሪያዋ ግን በእጅ ተይዞ ታክሲ የሚገባ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ አባቷ መኪና ያስነሣል። በአንድ ኖታ የሚቃጠለው ነዳጅ ቢሰላ ከኦርኬስትራው የሚስተካከላት አይገኝም።

ጥፋቱ የድቮርዣክ ብቻ እንዳይመስል፣ ቤትሆቨንም በ1808 ቪየና ላይ ባሰማው 5ኛ ሲምፎኒው ትሮምቦኖቹን እስከ አራተኛው ክፍል አፋቸውን አስይዞ አስቀምጧቸዋል። ሆኖም ተራቸው ሲደርስ አዳራሹን የሚያናውጡበት ስለሰጣቸው፣ ጥናቱ በምሕረት አልፎታል።

ሙዚቃው ሲያበቃ መሪው ተጫዋቾቹን በየተራ ያስነሣል። እዚህ ላይ የተገኘው ውጤት ግልጽ ነው፤ ኖታው ሲያንስ ጭብጨባው ይበዛል። ቱባ ነፊዋ ስትነሣ ፎቁ በእልልታ ይቀልጣል፤ አክስቶቿ በሙሉ መጥተዋል። ሁለተኛ ቫዮሊኖች ግን በጅምላ ተነሥተው በጅምላ ይቀመጣሉ። እነሱ በዚህ ጥናት አልተካተቱም፤ ሲጫወቱ ስለተገኙ።