ራስ ቤሪና የምድር ቤቱ ባቡር

ራስ ቤሪ ወደ ቤታችን የገቡት በፖስታ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ራስ የሚል ማዕርግ ያለው ሰው ወደ አንድ አገር ሲመጣ ነጋሪት ይጎሰምለት፣ እምቢልታ ይነፋለት፣ ጋሻ ዣግሬው ከፊትና ከኋላ ያጅበው ነበር፤ እኒህ ግን ከጎረቤት የጫማ ካርቶን ሥር ተነባብረው፣ ከኪስ ዳዊት በማትበልጥ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልለው፣ ዝናብ በሚያካፋበት በአንድ የሽቱትጋርት ጧት ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ባለቤቴ ሣጥኑን አንሥታ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ካነበበች በኋላ፣ “ራስ… ቤሪ… ፓይ። እኒህ ደግሞ የየት አገር ራስ ናቸው?” አለችኝ። ስሙ በእንግሊዞች ቋንቋ እንጆሪ ማለት እንደ ሆነ፣ ኮምፒዩተርን በፍሬ ስም መጥራትም የቆየ ልማድ እንደ ሆነ ላስረዳት ብሞክር፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ማዕርግ ያለ ዐዋጅ አይሻርምና፣ እኔን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ “አንተ” ስትል የኖረች ሴት ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለ35 ዶላር ዕቃ “እርስዎ” ማለት ጀመረች።

የራስ ቤሪን ትውልድ ብመረምር የማይናቅ ሆኖ አገኘሁት። የዘራቸው መጀመሪያ እንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተቀርጾ ለገበያ የወጣው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012፣ ማለት እንደ ጳጉሜን ስድስት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚመጣው ቀን ሲሆን፣ ያ ዕለት በእኛው ዘመን አቈጣጠር የካቲት 21 ቀን 2004 ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃዊው የእመቤታችን በዓል ነበረ። የተፈጠሩትም ሕፃናት የኮምፒዩተርን ጥበብ በርካሽ እንዲማሩባቸው ነው እንጂ እንደ እኔ ያለ ጡረተኛ እንዲገዛላቸው አልነበረም። ወደ እኛ የመጡት የሦስተኛው ትውልድ ናቸው፤ ቁመታቸው 85፣ ወርዳቸው 56 ሚሊ ሜትር፤ ያለ ልብስ የመጡ ስለ ነበሩም ባለቤቴ እስኪለብሱ ድረስ በነጠላ ጫፍ ሸፈነቻቸው።

ለምን እንዳስመጣኋቸው ልናገር። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ያውም የከዚራ ሰፈር፤ አባቴም የሸመንደፈር፣ ማለት የባቡሩ፣ ሠራተኛ ነበር። በመዋዕለ ሕፃንነቴ ከዲያቆንም፣ ከወታደርም፣ ከሐኪምም ይልቅ የምመኘው ሹመት የባቡር ጣቢያ ሹምነት ነበረ፤ ምክንያቱም ያን የሚያህል፣ ጢሱ ሰማይን የሚያጠቁር፣ ምድርን የሚያንቀጠቅጥ ብረት፣ አንድ ቀጭን ሰው ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ከፍ ሲያደርግለት እንደ ገራም በቅሎ ታዝዞ ሲነሣ አይቻለሁና። ሹመቱ ግን ሳይደርሰኝ ቀርቶ፣ ዕድሌ ወደ ጀርመን አምጥቶኝ፣ በሰው አገር የሰውን ሒሳብ ስጽፍና ከእኔ በላይ ያሉ ሁሉ ሲያዝዙኝ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ምድር ቤቱን ጠርጌ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል የሆነ የእንጨት መደብ አቆምሁ። የምንኖርበት አካባቢ ለዚህ ዓይነቱ ዕብደት የተመቸ ነው፤ ሜርክሊን የተባለው እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተው የመጫወቻ ባቡር ሠሪ ቤት ከእኛ ብዙም በማትርቀው በጎፒንገን ከተማ ስለሚገኝ፣ ሽበቱ የተንዠረገገ ሰው ጕልበቱ ላይ ተንበርክኮ በባቡር ቢጫወት የሚስቅበት የለም። ከባለቤቴ በቀር።

መስፈርቱን ስመርጥ ጀርመኖቹ “ሃ ኑል” የሚሉትን፣ እውነተኛውን ባቡር ለ87 የሚያካፍለውን ያዝሁ። “ሃ ኑል” ማለት “የዜሮ እኩሌታ” ማለት ነው፤ ከእሱ የሚበልጠው መስፈርት ስሙ ዜሮ ስለ ሆነ ነው። የዜሮ እኩሌታ ስንት እንደ ሆነ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ የጻፍሁ ሰው ብሆንም እስካሁን አልደረስሁበትም። ዳሩ ግን ሒሳቡን ወደ አገሬ ባቡር ባዞረው ነገሩ ጨለመብኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለ87 ቢካፈል ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከምድር ቤታችን ተነሥቶም የሦስት ሰፈር ሰው ቤት ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ስለዚህ የድሬዳዋን ጣቢያ፣ አንድ ድልድይና አንድ ዙሪያ ሐዲድ ብቻ ልሠራ ቈረጥሁ። የአገራችን አሮጌ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር በመሆኑ በዚህ መስፈርት 12 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የዚህ ስፋት ሎኮሞቲቮች ደግሞ በብዛት የሚሠሩት በስዊስ ተራራ ባቡሮች አምሳል ነው። ሁለት የስዊስ ሎኮሞቲቮች ገዝቼ የአገሬን ቀለም ቀባኋቸው። ለሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1894 ከዐፄ ምኒልክ ፈቃድ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ራሱ ስዊሳዊ ነበርና፣ በዘመድ ቤት እንደ ገቡ ይቈጠርላቸው።

ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ ማዘዣው እንዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ መጣ። ጎረቤታችን ጀርመናዊው ሽማግሌ፣ በዚህ ጥበብ መጋቤ ምስጢር የሚባሉ ሰው ናቸው፤ “እርስዎ የጥንቱን ማዞሪያ ይተዉት፣ በዲጂታል ይሂዱ” ብለው መከሩኝ። ምስጢሩ እንዲህ ነው። በሐዲዱ ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ኀይልንም ቃልንም በአንድነት ይሸከማል፤ አቅጣጫውን በማይክሮ ሰከንድ ልክ እየገለባበጠ፣ 58 ሲሆን አንድ፣ 100 ሲሆን ዜሮ እያለ ይናገራል፤ በእያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ያለች ዲኮደር የምትባል ትንሽ ሰሌዳም ሁሉን ትሰማለች፣ የምትታዘዘው ግን በቍጥሯ ስትጠራ ብቻ ነው። ቃሉን ወደ ሐዲዱ የሚያሰማ አንድ የትእዛዝ ሣጥን አለ፤ ለሣጥኑ የሚነግሩት ራስ ቤሪ ናቸው፤ ለራስ ቤሪ የምነግር ደግሞ እኔ ነኝ፣ በስልኬ። አንዲት የእጅ መዳፍ የማታህል ባቡር አንድ ክንድ ለማራመድ ቃሌ በሦስት ደጅ ጠባቂ በኩል ማለፉን ስመለከት፣ ይህ ነገር ከየት እንደ ተቀዳ ለማወቅ አልቸገረኝም፤ እኔም የአገሬን ደጅ ጥናት በጥቂቱ አውቃለሁ።

ራስ ቤሪ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ ማለት ባቡሩን የሚያስተዳድሩበት ፕሮግራም፣ ጄ ኤም አር አይ ይባላል፤ የካሊፎርኒያው የፊዚክስ ምሁር ሮበርት ጃኮብሰን ከብዙ ወዳጆቹ ጋር የደከመበት፣ ያለ ዋጋ የሚታደል ሥራ ነው። ያለ ዋጋ መታደሉ ግን ባለቤት አልባ አላደረገውም፤ ጸበል ጻድቅ በነጻ ቢታደልም ወስዶ በገበያ የሚቸረችር ሰው ተግሣጽ አይቀርለትምና፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በዚሁ ፕሮግራም ጕዳይ ላይ፣ በነጻ የሰጠ ሰው ያሰፈረው ግዴታ ቢጣስ በደራሲነት መብቱ ሊከራከር እንደሚችል ፈርዷል። የመጫወቻ ባቡር እስከ ይግባኝ መድረሱን ለባለቤቴ ባነብላት፣ “እንግዲህ ብቻህን አይደለህም” አለችኝ። የፕሮግራሙ ስም የመጀመሪያ ፊደል ከተጻፈበት ቋንቋ ከጃቫ የመጣ ሲሆን፣ ጃቫም ስሙን ያገኘው ከቡና ነው፤ ከከፋ ቡና ሳይሆን ከዚያች ከሩቅ ምሥራቋ ደሴት ቡና። ይህን ስሰማ እንደ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ቅር አለኝ፤ ይሁን እንጂ ቡናው ራሱ ኋላ ቂሙን ሲወጣ ታያላችሁ።

መጀመሪያ የገጠመኝ የስም ጣጣ ነው። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ በደንቡ መሠረት ቍጥሩ 3 ነው። ይህን ሳላስተውል ሁለቱንም ሎኮሞቲቮች ፊት ለፊት አቁሜ፣ በሙሉ ግርማ “3 ቍጥር፣ ወደ ፊት!” ብል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ “ገብረ ሥላሴ” ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሰው እንደሚነሣ፣ ሁለቱም እኩል ተነሥተው፣ የእያንዳንዳቸው ፊት ወደ ሌላይቱ ነበርና ድልድዩ መካከል ተገናኝተው ተሳሳሙ። ጎረቤቴ ነገሩን ሲሰሙ የማጥመቂያ ሥርዓቱን አስተማሩኝ፤ ለዚሁ በተለየች አጭር ሐዲድ ላይ አንዲቱን ብቻ አቁሞ አዲስ ቍጥር ይጻፍላታል፤ በዚያች ሐዲድ ላይ ትእዛዙ በስም ስለማይጠራ ሁለት ቢቆሙ ሁለቱም አንድ ስም ይዘው ይወጣሉ። አንደኛይቱን 21 አልኋት፣ ሁለተኛይቱን 12፤ እመቤታችንና ቅዱስ ሚካኤል ቢጠብቋቸው ብዬ። ከዚያ በኋላ ተጋጭተው አያውቁም፤ ጎረቤቴ ይህን ከትክክለኛው አጻጻፍ ነው ይላሉ።

ቀጥሎ የራስ ቤሪ ግብር ሆነ። ከመሳቢያ ውስጥ ባገኘሁት አሮጌ የስልክ ቻርጀር ሳበላቸው፣ ከሳሎን ባወረድሁላቸው ቴሌቪዥን መስኮት ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ይል ጀመር፤ እኔም የኀይላቸው ምልክት መስሎኝ ለእንግዳ ሁሉ አሳይ ነበር። ለካስ የረኀብ ጩኸት ኖሯል፤ በአምስት ቮልት ሁለት ተኩል አምፔር የሚሹትን ሰው በአንድ አምፔር ጾም አስይዣቸው ሰንብቻለሁ። ቻርጀሩ ተለወጠ፣ ቴሌቪዥኑም ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ ለሥራቸው መስኮት አያስፈልጋቸውምና። ባለሙያዎቹ መስኮት የሌለውን ኮምፒዩተር “ራስ አልባ” ይሉታል፤ እነሆ ራስ ሳሉ ራስ አልባ ሆኑ።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ። በሳሎናችን ጣሪያ ላይ የተሰካው ጢስ ጠቋሚ ቡና በተቈላ ቍጥር ሕንፃው የተቃጠለ ይመስል ስለሚጮኽ፣ ባለቤቴ ቡናውን የምትቈላው ምድር ቤት፣ በመስኮቱ ሥር ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ 21 ቍጥር ሦስት ፉርጎ አስከትላ በግርማ ስትዞር ሳለች፣ ባለቤቴ ምድጃዋንና ምጣዷን ይዛ ወርዳ፣ ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ አንዱን ሶኬት፣ ሳትጠይቅ፣ ነቅላ የራሷን ሰካች። የተነቀሉት ራስ ቤሪ ነበሩ። በስልኬ “ቁሚ” ብል መልስ የለም፤ ደግሜ ብል የለም። ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን በቃሉ ሲያቆም፣ እኔ በድሬዳዋ አንዲት የስዊስ ሎኮሞቲቭ ማቆም ተሳነኝ። “ማን ነው የሚነዳት?” አለች ባለቤቴ፣ እያማሰለች። የሚነዳት አልነበረም። የትእዛዝ ሣጥኑ በሌላ ሶኬት ስለ ነበረ፣ መምህሩ እንዳንቀላፋበት የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ ሌላ ቃል እስኪሰጠው ድረስ የመጨረሻውን ያንኑ ቃል እየደገመ ነበር፤ “21፣ ወደ ፊት፤ 21፣ ወደ ፊት።” በመጨረሻ እንደ ሸሸች ዶሮ በእጄ ያዝኋት።

ሶኬቱ ቢመለስም ራስ ቤሪ አልነቁም። እሳቸው በወግ ተሰናብተው ካልተኙ፣ በጽሕፈት ላይ ሳሉ ድንገት ከተነቀሉ፣ ዕውቀታቸው ሁሉ የተጻፈባት ጥፍር የምታህል የማስታወሻ ካርድ ትበላሻለች። የሁለት ወር ድካሜ፣ የሎኮሞቲቮቹ መዝገብ፣ በዝርዝር የሣልሁት የድሬዳዋ ጣቢያ ካርታ፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ጠፋ። ሙኒክ ላለችው ልጃችን ብደውል የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አባዬ፣ ቅጂ አለህ?” በአያቴ ቤት የነበረው የብራና ዳዊት ጐርፍና ምስጥ ሳይበላው ለሦስት ትውልድ ሲያልፍ አይቼ፣ እኔ ግን ቅጂ አልነበረኝም። በጃቫ የተጻፈውን ሥራ የከፋ ልጅ በጢሱ ገደለው ብዬ ለባለቤቴ ብነግራት፣ ነገሩ ለፍርድ የሚበቃ አልመሰላትም።

ሁሉን እንደ ገና ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ቅጂዋ ካርድ በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ፣ ከመዝሙሩ ጎን ተቀምጣለች፤ በቤታችንም ሥርዓት ቆሟል። እሑድ እሑድ ባለቤቴ ከደረጃው ራስ ላይ ሆና፣ “ራስ ቤሪ ይተኙ፣ ቡና ሊቈላ ነው!” ትላለች፤ እኔም በስልኬ አሰናብታቸዋለሁ፤ አረንጓዴ መብራታቸው ጥቂት ብልጭ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ እሷም “ተኙ?” ትላለች፤ “ተኝተዋል” እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይነቀላሉ። ባለፈው እሑድም ይኸው ሁሉ በሥርዓቱ ተፈጽሞ፣ ቡናው ተቈልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሳሎን ወጥተን አቦሉ ሲቀዳ፣ ከምድር ቤት ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ራስ ቤሪን አስተኝቻለሁ፤ ባቡሯን ማቆም ረስቻለሁ። ልነሣ ስል ባለቤቴ፣ የናዝሬት ልጅ ናትና መሥመሩን ታውቃለች፣ ሲኒውን ወደ እኔ እየገፋች፣ “ተዋት ትሂድ፤ አዋሽ እስክትደርስ በረካውን ትጠጣለህ” አለችኝ።