የሶደሬው ላቦራቶሪ

የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ተቋም ሞንትሪያል ላይ ዋና መሥሪያ ቤት ከፍቶ፣ ደምና ሽንት እያስመረመረ ገንዘቡን የሚያባክነው ሶደሬን ስላላየ ነው። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዋኛው ዳር የሚሰየመው ሸንጎ ያለ መርፌ፣ ያለ ጠርሙስ፣ በዓይን ብቻ ይመረምራል። ውጤቱም ሁለተኛው ድራፍት ሳይቀዳ ይደርሳል።

መመዘኛው አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜ። ሌብሮን ጄምስ 40 ዓመት ሞልቶት ኤንቢኤ ውስጥ ዳንክ ካደረገ፣ ወስዷል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ፣ በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ከጨረሰ፣ እሱም ወስዷል። ማስረጃ? «ኧረ ተወኝ! እኔ በ41 ዓመቴ...» ይላሉ የሸንጎው ሰብሳቢ ጋሼ፣ ከገንዳው ለመውጣት በሁለት ሰው እየተደገፉ። እሳቸው ያቃታቸውን የቻለ ሁሉ ጥፋተኛ ነው፤ ይግባኝ የለም።

ጋሼ ሶደሬ የሚመጡት ለቁርጥማታቸው ነው። ባለፈው ጦጣ ቦርሳቸውን ዘርግፋባቸው፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከአዳማ የገዙት ዳይክሎፌናክ ሣሩ ላይ ተበተነ። ለማታ ያሰቡት ሌላው ክኒን ግን ኪስ ቦርሳቸው ውስጥ ስለነበር ተረፈ። ይህን አበረታች የሚል ካለ ምቀኛ ነው።

ስለ ዕድሜም ቢሆን እንደ ጋሼ የሚያውቅ የለም። የእህታቸውን ልጅ ከ15 ዓመት በታች የእግር ኳስ ቡድን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ልጁ ጢሙን ተላጭቶ ነው ልምምድ የሚሄደው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየቱን ሲሰሙ «ልጆቹን በጨረር ሊጨርሷቸው ነው» ብለው ተቆጡ።

ደግሞ ታላላቅ ሯጮች ለድንገተኛ ምርመራ በየቀኑ ለ60 ደቂቃ የት እንደሚገኙ አስቀድመው ያሳውቃሉ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጡ፣ ምንም ባይወስዱ እንኳ ይታገዳሉ። ጋሼ ግን ሶደሬ መሆናቸውን ለባለቤታቸውም አልተናገሩም።

በዚያ ሁሉ የምርመራ ድካም የተያዘው ማን ነው? መሰናክል ሯጯ ዘርፌ ወንድማገኝ በኢፒኦና በቴስቶስትሮን እ.ኤ.አ. በ2024 አምስት ዓመት ታገደች። ሯጯ ፀሐይ ገመቹ የደም ፓስፖርቷ፣ ማለትም በየጊዜው የተመዘገበው የደም ውጤቷ፣ ተመርምሮ አራት ዓመት ተቀጣች። ሁለቱም ሲያዙ ገና በሃያዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ኤንቢኤ በዚያው ዓመት 25 ጨዋታ የቀጣው ትሪስታን ቶምፕሰን እንኳ 32 ዓመቱ ነበር። ሸንጎው ሽበት ሲቆጥር ልጆቹ በአጠገቡ አለፉ። ሰብሳቢውም «ልጅ ምን ያደርግለታል?» ብለው ፋይሉን ዘጉ።

ኢፒኦ ኩላሊት የሚያመነጨው፣ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛ ሆርሞን ነው፤ በመርፌ የሚሰጠው ደማቸው ለቀነሰ የኩላሊት ሕሙማን ነው። ታዲያ ከሕሙማኑ ወደ ሯጭ ክንድ በራሱ እግር አልሄደም። መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ያወረደ፣ ዋጋ የተደራደረ፣ መርፌውን የሞላ ሰው አለ። እሱ ግን ማራቶን አይሮጥም፤ ዳንክ አያደርግም፤ ሪከርድ የለውም። በሶደሬ ሕግ ንጹሕ ነው።