ምንጩ በማን ስም ነው?

በአዲስ አበባ ሲግናል ሠፈር ትርፍ መሬት ያለው ሰው ልማዱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ያከራያል፣ ወይ ጎመንና ጽጌረዳ ተክሎ ማለዳ ማለዳ ያጠጣል። እኔ ግን ከሁለቱም ሥርዓት ወጥቼ፣ ከደጃፌ በስተቀኝ ያለውን መሬት አስቆፍሬ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፌ፣ ከጣሪያዬ አሸንዳ የሚወርደውን የክረምት ውሃ ወደዚያ መልሼ፣ ዙሪያውንም ቄጠማ አልብሼ ግቢዬን ጨፌ ማድረጌ በተሰማ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ረግረግ እያደረቀ ቤት በሚሠራበት በዚህ ዘመን ቤት ያለው ሰው ረግረግ መሥራቱ የደኅና እንዳይደለ ለባለቤቴ ያላስረዳት ጎረቤት አልነበረም።

የድካሜ ምክንያት አንዲት ኦርኪድ ናት። ኦርኪድ ሲባል ብዙው ሰው በሆቴል አዳራሽ በሸክላ ቆማ የምትታየውን፣ ዘሯ ከሩቅ ምሥራቅ የሚቆጠረውን እመቤት ያስባል እንጂ፣ አገራችን ራሷ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዓይነት እንዳላት፣ ስለ እነርሱም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የባሕር ማዶ ሊቃውንት ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ እንዳሳተሙ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የእኔዋ ሀበናሪያ ሺምፔሪያና ትባላለች፤ ርጥብ ሜዳና ረግረግ ወዳድ ናት፤ ያገኘኋትም በከተማው ምሥራቃዊ ዳር፣ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ከነአፈሯ በገልባጭ መኪና ልትጫን ከተቃረበችበት ጨፌ ነው።

ስሟን የወረሰችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጥቶ በትግራይና በስሜን ተራሮች ዕፀዋት ሲለቅም ከኖረው ከጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህን ሰው የዚያን ጊዜው የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በእንጢጮ ላይ ሾመውት እንደ ነበር ሳነብ፣ ሣር ለቃሚ ግዛት የሚያገኝበት ያ ዘመን ለእኔ ሳይቆይልኝ በመቅረቱ አዝናለሁ። እርሱ እስከ 1878 እ.ኤ.አ. ኖሮ አድዋ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያው ዘመን ለዚሁ ግብር የመጡት ሁለቱ ፈረንሳውያን ግን ዕድል አልቀናቸውም፤ ካርቲን ዲሎን በንዳድ ሞተ፣ ፔቲን ደግሞ በ1843 እ.ኤ.አ. ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው፤ ስማቸው ዛሬ በሌሎች ሁለት ሀበናሪያዎች ላይ ይኖራል። ባለቤቴ ረግረጉ ስለሚያመጣው ትንኝ በወቀሰችኝ ቁጥር ይህን ታሪክ እተርክላታለሁ፤ እርሷም «እንግዲህ የቀረን አዞ ነው» ትላለች።

የአበባዪቱ ጠባይ የመናኝ ጠባይ ነው። በውሃ ዳር ትኖራለች እንጂ በውሃ ውስጥ አትሰጥምም፤ ስለዚህ ድንች መሰሉ የምድር ውስጥ አካሏ ከውሃው ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ሥሯ ብቻ ርጥበቱን ሊያገኝ ይገባል። ፋንድያና ማዳበሪያ አትሻም፤ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃም አላስቀምሳትም። ዘሯ እጅግ ደቃቅና ስንቅ አልባ በመሆኑ በአፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም፤ ከትውልድ አፈሯ ጋር ያመጣኋትም ስለዚህ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ቅጠሏ ደርቆ ይጠፋል፤ በጋውን በሙሉ በምድር ውስጥ ተሰውራ ትተኛለች፤ በዚህም ወራት ባለቤቴ በባዶው ጉብታ ላይ ቆስጣ ልትዘራበት ፈቃዴን ትጠይቃለች።

የውሃው ነገር ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ሠፈሩ ውሃን በፈረቃ በሚጠባበቅበት ሰሞን በእኔ ግቢ የሞላ ኩሬ መኖሩ ተወራ፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ጀሪካን አንጠልጥለው በማለዳ ከተፍ አሉ።

«ልጄ፣ ምንጭ ፈለቀልህ አሉ፤ በማን ስም ነው?»

«የዝናብ ውሃ ነው እማማ፤ ለአበባ ነው።»

«አበባውስ በማን ስም ነው?»

እውነቱን ከመናገር በቀር ምን አደርጋለሁ? «በሺምፐር» አልኋቸው። እማማ ጥቂት አሰቡና «እንዲህ የሚባል ሰማዕት አላውቅም» ብለው ለጥንቃቄ አማትበው ተመለሱ።

ባበበች ጊዜ ደግሞ ሊያያት የሚመጣው እንግዳ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ «ታዲያ አበባው የት አለ?» ይላል፤ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ወደ አረንጓዴ ያደላች ነጭ፣ ከቄጠማው መካከል ካልተጎነበሱ የማትለይ ናትና አልፈርድበትም። ከእያንዳንዱ አበባ በስተኋላ ማሩን የያዘ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይወርዳል፤ ከዚያ የሚቀዳው ምላሱ የረዘመ የእሳት እራት ነው። ቡና ጠጪ ወዳጆቼ የተጋበዙት እንግዲህ ለሌላ ሰው ማዕድ ነው።

ከሁሉ የከፋው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ቤቱ ይጎዘጎዝ ዘንድ ቄጠማ እንድታጭድ ማጭድ ተሰጥቷት የወጣች የዘመድ ልጅ፣ አረንጓዴውን ሁሉ ያለ አድልዎ አጭዳ አመጣችው፤ በማግሥቱም የሺምፐር ኦርኪድ ከነአበባዋ በሳሎኔ ወለል ላይ ተነጥፋ፣ ዘመድ አዝማድ እየረገጣት «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባባል ዋለ። ባለቤቴ ዓይኔን አይታ ዳቦውን አብልጣ ቆረሰችልኝ። ነገር ግን ተክሊቱ የሚመጣውን ዓመት ድንች አስቀድማ ከምድር በታች ማዘጋጀት ጀምራ ኖሮ፣ በተከታዩ ክረምት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ብቅ አለች።

አሁን ለአንባቢ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ሎደር የቆመበት ጨፌ ካገኛችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ኦርኪዷን ከነአፈሯ አንሡ፤ ገና ያልተነካ ጨፌ ካያችሁ ግን እባካችሁ አካፋችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ያ አፈር በእኛ ግቢ አይሠራምና።