ቅቤ የተቀባው ራስ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን ገላ የሚባል አገር ነበር። በአገሩ አናት ላይ፣ ዙሪያውን በአጥንት የታጠረ አንድ አምባ ነበር። አምባው ከአገሩ ክብደት ከ50 እጅ 1 እጅ ቢሆን ነው፤ ከጎተራው እህል ግን ከ5 ቁና 1 ቁና ለብቻው ይበላል። ነዋሪው 86 ቢሊዮን ግድም ነው። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም መሬቱ እንደ ነጠላ ተጣጥፎ፣ እጥፍ በእጥፍ ላይ የሆነው።

አምባው ሕመም አያውቅም። አፈሩን ቢላ ቢያልፍበት እንኳ አይሰማውም። የአገሩን ሕመም የሚያውቀው ከሩቅ በሚመጣለት ወሬ ብቻ ነው።

ወሬውን የሚያመጡት መልእክተኞች ናቸው። ከተረከዝ ቀበሌ የተነሳ መልእክተኛ ቀጭን መንገድ ይዞ ይሮጥና ገደል አፍ ላይ ይቆማል። ገደሉ ከጠጉር ውፍረት እጅግ ይጠባል፤ ቢሆንም መልእክተኛው አይሻገርም። በትንንሽ ስልቻ የያዘውን ቅመም ወደ ማዶ ይበትናል። ቅመሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «ሂድ» ይላል፣ አንዱ «ተው» ይላል። ማዶ ያለው ሰው ከየጎረቤቱ የደረሰውን ሂድና ተው ይመዝንና ሂዱ ካየለ ይነሳል፣ ካላየለ ይቀመጣል። ሲነሳ ጮሆ ነው። እነዚህ ሰዎች ሹክ ማለት አያውቁም፤ ወይ ሙሉ ድምፅ ነው፣ ወይ ዝም ነው። ሲብስባቸው ደጋግመው ይጮኻሉ እንጂ ድምፃቸው አይጨምርም።

የአምባው ጌታ ራስ ግንባሩ ይባሉ ነበር።

አንድ ማታ ተረከዝ ፍም ረገጠች። ወገብ ላይ የሚቀመጠው ጭቃ ሹም ጩኸቷን እንደሰማ «አንሱ!» አለ፤ እግር ተነሳች። ወሬው አምባ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

«ማን ፈቀደ?» አሉ ራስ ግንባሩ።

«ጌታዬ፣ እየተቃጠለች ነበር» አለ እልፍኝ አስከልካዩ።

«ማን ፈቀደ ነው ያልኩህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ አምባው ማኅተም እግር እንዳትነሳ ታወጀ። በሳምንቱ እግር እሾህ ረገጠች። እሾሁ ላይ ቆማ ማኅተም ጠበቀች። ፈጣኑ መልእክተኛ ደረሰና «ወጋኝ!» አለ። ቀርፋፋው እያለከለከ ከኋላው ደረሰና «አሁንም እየወጋኝ ነው!» አለ። ራስ ግንባሩ «ሰማን እኮ!» ብለው ተቆጡ፤ ከተረከዝ የሚመጣ ሁሉ በለሆሳስ ይናገር ሲሉም አዘዙ። መልእክተኞቹ ሞከሩ። ለሆሳስ ግን ለአፋቸው አልተፈጠረም። ግማሾቹ እንደ ወትሮው ጮኹና ታሰሩ፤ ግማሾቹ ዝም አሉና ተሸለሙ።

በገላ አገር ቅቤ የተጠቀለለባቸው መንገዶች ነበሩ። ቅቤው በየመካከሉ ክፍት ቦታ ስለሚተው፣ ሯጩ ከክፍት ወደ ክፍት እየዘለለ ይበራል፤ ፈጣኑ በ1 ሰከንድ 100 ሜትር ያልፋል። ቅቤ በሌለበት መንገድ 1 ወይም 2 ሜትር ቢሄድ ነው። ታዲያ በበዓል ዋዜማ ራስ ግንባሩ አናታቸው ደረቀባቸው።

«ይህ ሁሉ ቅቤ መንገድ ላይ ተለስኖ፣ የእኔ አናት ይደርቃል?»

ቅቤው ከየመንገዱ ተፍቆ መጣ። አናታቸው ላይ ተደፍድፎ በግንባራቸው ወረደ፣ ከቅንድባቸው ተንጠባጠበ። መኳንንቱ «አማረብዎ» አሉ። እታች እጅ ጉርሻ ይዛ ወደ አፍ ስትሄድ ጆሮ ላይ ደረሰች። እግር «ቅደሚ» የተባለችው ትናንት ነው፤ የተራመደችው ዛሬ። በስተጓሮ የሚኖረው ሚዛን ጠባቂ፣ ከአምባው 5 ሰው 4ቱ በሱ ሰፈር ታጭቆ እያለ ሸንጎ ላይ ወንበር የሌለው፣ «ጌታዬ፣ አገሩ እየተንገዳገደ ነው» ብሎ ላከ።

«በዓል አይደል? እየጨፈረ ነው» ተባለ።

የለውዝ ፍሬ በምታክል ጎጆ የሚያድረው የፍርሃት ዘበኛ ደግሞ በሌሊት መጣ።

«ጌታዬ፣ በአገሩ ውስጥ ተው የሚል ሰው አለ።»

«ማንን ነው ተው የሚለው?»

«ለጊዜው ጎረቤቱን ነው።»

ለጊዜው የምትለው ቃል ራስ ግንባሩን እንቅልፍ ነሳቻቸው። ሳይነጋ «ተው» የሚለው ቅመም ተከለከለ፤ ስልቻው ሁሉ ተቀዶ ተጣለ። ጠዋት አንዱ «ሂድ» አለ። ጎረቤቱ «ሂድ» አለ። የጎረቤቱ ጎረቤት «ሂድ» አለ። ብዙም ሳይቆይ አምባው በሙሉ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ምት፣ ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ ይል ጀመር። ራስ ግንባሩ «እንዲህ ያለ አንድነት ታይቶም...» ብለው ሳይጨርሱ አገሩ ተንቀጥቅጦ ምድጃው አጠገብ ተዘረረ።

ሲነቁ የሚያስታውሱት ነገር የለም። የትዝታ ቤት ጸሐፊ ተጠርቶ መዝገቡን ገለጠ። የዚያ ሰዓት ገጽ ባዶ ነው።

«እንግዲያው አልወደቅንም» አሉ ራስ ግንባሩ። ጸሐፊው «አልወደቅንም» ብሎ ጻፈበት።

ከዚያ ሸንጎ ተቀመጡ።

«ዛሬ ከተረከዝ ምን አቤቱታ መጣ?»

«ምንም፣ ጌታዬ።»

«ይኸው፣ ዳነች!»

ሸንጎው ጭብጨባ አዘዘ። ቀኝ እጅ የምትታዘዘው ለአምባው ግራ ሰፈር፣ ግራ እጅም ለቀኙ ሰፈር ነውና መዳፍ ከመዳፍ እስኪገናኝ ጥቂት ቆየ።

ተረከዝ ምድጃው ውስጥ ነበረች። ጭቃ ሹሙ ጉልበቱን አቅፎ ማኅተም ይጠብቃል።

በዚያ አገር ወደ አምባ የሚገባ ወሬ በእልፍኝ አስከልካዩ ደጅ ያልፋል። የአፍንጫ መልእክተኛ ብቻ ደጅ አይጠናም፤ በሌላ በር በቀጥታ ይገባል። ያን ቀንም ሸንጎው መካከል ገብቶ እጅ ነሳ።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ጌታዬ፣ ሥጋ ሲጠበስ ሸተተኝ።»

ራስ ግንባሩ ከቅንድባቸው ላይ ቅቤውን ጠረጉ። ምራቃቸውን ዋጡና፣ «ማዕዱ ይቅረብ» አሉ።