ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ሽሮ ሜዳ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው «ምን ተፈጠረ?» አይልም፤ «ማን ነው?» ነው የሚለው። መልሱን እስኪሰማም አይጠብቅም። ሴቷ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሁለቱም እርምጃቸውን ቀነስ አድርገው ወደ ግቢው ይዞራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰኞ ማለዳ የሰፈራችን እድር ድንኳን ወደ እንጦጦ ከሚወጣው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ድንኳኑ እንዲተከል ምክንያት የሆንነው እኛ ነን፤ የአንዲት እናት ቤት ልናድስ የወጣን 14 በጎ ፈቃደኞች።

ከዚያ በፊት የማውቀው በጎ አድራጎት የበዓል ነበር። በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥተን፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ማዕከል ሄደን ምሳ እናበላለን፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቁናል፤ ልባችን ሞልቶ እንመለሳለን። አንድ ጊዜ ድስት ስናወርድ ያገዘችኝ የማዕከሉ ተንከባካቢ «በበዓል ምግብ ይተርፈናል። ሰው የሚጠፋው ማክሰኞ ነው» አለችኝ። ማማረሯ አልነበረም። የአዋቂ ዳይፐር በእጇ ይዛ ወደ ሌላ ክፍል እየገባች ነው የተናገረችው። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። ስለዚህ በ2011 ክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በየሰፈሩ ሲቀጣጠል፣ ከአንድ ቀን ምሳ የሚዘልቅ ሥራ አገኘሁ ብዬ ሮጬ ገባሁበት።

ልናድሰው የወጣነው ቤት የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት ለምን ሳይታደስ እንደሚያረጅ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የተከራዩ ስንፍና ይመስለዋልና። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ በዚያው ዝቅ እንዳለ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ቀበሌው ከዚያ ኪራይ በሚሰበስበው ገንዘብ ጣሪያ ሊለውጥ አይችልም ነበር። ተከራዩ ደግሞ ካላስፈቀደ ግድግዳ አይነካም ነበር። ቤቱ በሁለቱ መካከል ይበሰብስ፣ በውስጡ ያለው ሰውም አብሮት ያረጅ ነበር።

የእማማ ቤትም እንዲሁ ነበር። (ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛም «እማማ» ከማለት በቀር በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም።) ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያው የተጠጋ፣ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጥጥ ፈትለው ለሰፈራችን ሸማኔዎች በማስረከብ የኖሩ ሴት ናቸው። በሽሮ ሜዳ ሱቆች ተሰቅለው ከሚታዩት የሐበሻ ቀሚሶች የስንቱ ፈትል ከእሳቸው እጅ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ዝናብ በመጣ ቁጥር በቤታቸው ውስጥ ሦስት ቦታ ሳፋ ያስቀምጣሉ።

ልናድስላቸው እንደመጣን ስንነግራቸው እጃችንን አንድ በአንድ ሳሙ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጆቼ፣ ጥቅምት ቢሆንስ?» አሉ።

«እማማ፣ ጥቅምትማ ተማሪው ትምህርት ቤት ይገባል። ሥራው የክረምት ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ያ ዝምታ ዛሬም ያመኛል። ቤት የሚሠራው፣ ጭቃ የሚመረገው፣ ጣሪያ የሚነሳው ዝናብ ካባራ በኋላ መሆኑን ገጠር የተወለደ ሕፃን ያውቃል። እኛ ግን ቤቱን የምናድሰው እኛ በሚመቸን ወራት ነበር። እሳቸው ያሉን ከእኛ ዕቅድ ሁሉ የሚበልጥ ምክር ነው፤ ምክር መሆኑን እንኳ አልሰማነውም። እንደ ዕድሜ ፍርሃት ቆጥረን አለፍነው።

እሑድ ሐምሌ 21 ቀን ሰማዩ ወለል ብሎ ነጋ። በሐምሌ እንዲህ ያለ ፀሐይ ሲወጣ ሰው ይታለላል። በጠዋት ዕቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት እየጨመርን ጎረቤት ግቢ አከማቸን፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያው መሬት ላይ ነበር። ማገሩ በእጅ ሲይዙት ይፈረፈራል። መሃል ላይ የቆመው የጽድ ምሰሶ ብቻ እንደ ብረት ነው፤ አናጺያችን በመዶሻው መታ አድርጎት «ይህን እንዳትነኩት» አለ። ሞራሌው ተገዝቷል፣ ምስማሩም አለ። የቀረው ቆርቆሮ ነው። 40 ቆርቆሮ ሊሰጠን ቃል የገባልን ሰው «ሰኞ ጠዋት በመኪና ይደርስላችኋል» ብሎናል።

ሰኞ ግን የችግኝ ተከላው ቀን ነበር። በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገሪቱ ተተከለ የተባለበት ያ ሰኞ ነው። ከመካከላችን ስንቱ በየመሥሪያ ቤቱ ተመዝግቧል፤ እኔም አለሁበት። ቀኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ችግኙን ከቆርቆሮው ጋር አገናኝቶ «መኪናውን የሚነዳው፣ የሚጭነው፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ያው እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንጦጦ ጠቆረ። ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው የተራራውን ፊት ያውቃል፤ አናቱ ከጠፋ ሩብ ሰዓት አይሰጥም። በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ላስቲክ ለመወጠር ሮጥን፤ ነፋሱ አንዱን ጫፍ ስንይዝ ሌላውን ገነጠለው። የጭቃ ግድግዳ ጣሪያ ከሌለው የሚፈርሰው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ከአናቱ ጀምሮ እንደ ስኳር ይሟሟል። ምርጊቱ ታጥቦ ወርዶ ጭዱ ብቅ ሲል፣ ከዚያ ስሩ ያለው አጠና ሲታይ ቆሜ አየሁ። እማማ ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ድምፁን ያዳምጣሉ። አላለቀሱም፤ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ወደ እኔ ዞረው «ልብስህ በሰበሰ፣ ግባ» አሉኝ።

ማታ ላይ የእድራችን ዳኛ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ግድግዳውን በባትሪ ዞረው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«ቆርቆሮው የት ነው?»

«ቃል ተገብቶልናል፣ ጋሼ።»

«ቃል ቤት አይከድንም፣ ልጄ።»

እሳቸውም አልተቆጡም። ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡንና ዕቃ ቤት ኃላፊውን በዚያው ሌሊት ቤታቸው ጠሩ። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ድንኳን የሚወጣው ለሐዘን፣ ሲፈቀድም ለሠርግ ነው ይላል። ለፈረሰ ቤት የሚል አንቀጽ የለውም። እኔ ውጭ በር ላይ ሆኜ ስሰማ፣ ገንዘብ ያዡ «ደንብ ነው፤ ነገ ሌላው ቢጠይቅስ?» ሲሉ ዳኛው እንዲህ አሉ፦ «እኚህ ሴት ሲሞቱ ይህን ድንኳን ይዘን እንመጣ የለም? ታዲያ መሞታቸውን ልንጠብቅ ነው?» ሌላ ክርክር አልተሰማም። በዚያው ዓመት የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ እድርና ዕቁብን አይመለከትም፤ እድር የሚተዳደረው በአባላቱ ደንብ ነው። ያን ሌሊት ደንቡን ለማስፋት የፈጀው ጊዜ አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበት ያህል ነበር። እኛ ለእድሳቱ ፈቃድና ደብዳቤ ስንል ሦስት ሳምንት ተመላልሰናል።

ንጋት ላይ ድንኳኑ ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ ግቢው ላይ ሆኖ ተወጠረ። እማማ ቤታቸውን ትተው ሌላ ቦታ አላድርም ስላሉ አልጋቸው በድንኳኑ ሥር ተዘረጋ። እኔ ችግኝ ተከላውን ትቼ ቀረሁ።

ከቁስቋም ኪዳን አድርሰው የሚወርዱ ሴቶች ናቸው መጀመሪያ ያዩን። አንዷ ገና ከበሩ «እናቴን! እናቴን!» እያለች ገባች፤ ኋላዋ ሌሎች አምስት ስድስት ተከተሉ። እማማ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ልቅሶውን ሲሰሙ ደንግጠው ተነሱና አጠገባቸው ያለሁትን ክንዴን ያዙኝ።

«ማን ሞተብን?»

ያለቀሰችው ሴት ድምፁን ስትሰማ ባለችበት ደረቀች። ከዚያ ወድቃ ጉልበታቸውን አቀፈች። አሁን የምታለቅሰው ሌላ ልቅሶ ነበር፤ አብረዋት የመጡትም ያንኑ አለቀሱ። እማማ ራሷን እየዳሰሱ «አለሁ፣ አለሁ፣ ልጄ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ለቅሶ ብሎ የመጣ ሁሉ እውነቱን ሲሰማ አይመለስም፤ ይቀመጣል። ንፍሮ መጣ፣ እንጀራ መጣ፣ ጀበና ተጣደ። ከሳሪስ የእህታቸው ልጅ «አክስትህ አርፈዋል» ተብሎ ተደውሎለት በኮንትራት ታክሲ ደረሰ። ሁለት ዓመት ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። አክስቱን አይቶ ምንም መናገር አልቻለም፤ ኮቱን አውልቆ ጭቃ ለሚረግጡት ልጆች ውኃ መቅዳት ጀመረ። ከቀትር በኋላ አንዱ ጎረቤት ቤት ሲሠራ የተረፈውን ስድስት ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። ሌላው የዶሮ ቤቱን አፍርሶ ሦስት አመጣ። ሲመሽ 23 ቆጠርን። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ቀለም የተቀባ፣ አንዳንዱ ያረጀ የምስማር ቀዳዳ ያለው ነው። ማክሰኞና ረቡዕ በዝናብ መሃል እየዘለልን ከደንነው። ቃል የተገባልን 40 ቆርቆሮ የደረሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ ለሌላ ቤት ዋለ።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። «አለቀ» ስል ግን አንድ የማስታውሳቸው ሰው አሉ።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና፣ ልጆቻቸው «እዳዬ» የሚሏቸው፣ በ1970ዎቹ መግቢያ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረኀብ ከረገፈው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው እንደተመለሱ ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን ከታሪካቸው ሁልጊዜ የሚይዘኝ ጉዞው ሳይሆን መመለሳቸው ነው። ሕፃናቱን የወሰዷቸው ወደ ገዛ ቤታቸው ነበር። ዓመት ሳይሞላ 21 ሆኑ፤ ትዳራቸውም በዚህ ምክንያት ፈረሰ፤ እሳቸው ግን ከልጆቹ አልተለዩም። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያ ሥራ አንድም ቀን «ተጠናቀቀ» አልተባለም። እኛ ግን ረቡዕ ማታ ከእማማ በር ፊት ቆመን ፎቶ ተነስተን፣ «ተጠናቀቀ» ብለን ተበተንን።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ደወለችልኝ። እማማ ተደናቅፈው ወድቀዋል፤ እጃቸው ተላልጧል።

ስደርስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ልጃገረዶቻችን ዕቃውን ሁሉ ደርድረው አሳምረውታል። ቡፌው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ወንፊቱ፣ ሰፌዱ፣ ጭልፋው በአንድ ሳጥን ገብቷል። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እማማ ካዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጨለማና ብርሃን ከመለየት በቀር ዓይናቸው አይሠራም። እንደዚያ ሆነው ሻይ የሚያፈሉት፣ ጥጥ የሚፈትሉት፣ ሳፋ የሚያስቀምጡት ቤቱን በእጃቸው ስለሚያውቁት ነው። በጽዱ ምሰሶ ላይ ዙሪያውን ምስማር ነበር፤ እያንዳንዱ ምስማር የራሱ ዕቃ አለው፤ ከእሱ ተነስተው ነው ወደ ሁሉም ነገር የሚሄዱት። እኛ ምስማሮቹን በጉጠት ነቅለን ምሰሶውን በቀለም አሳምረነዋል። ዓይናቸውን ያጠፋሁባቸው እኔ ነኝ። አንድም ቀን «እማማ፣ ቤትዎ ውስጥ እንዴት ነው የሚኖሩት?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ መዶሻ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ሁሉንም በአንድ ቀን መመለስ አልተቻለም፤ እሳቸውም አንዱ ቦታ የሚታወሳቸው እጃቸው ሲፈልገው ነው። እጃቸውን ምሰሶው ላይ አሳርፈው ቀስ እያሉ ያወርዱታል፦ «እዚህ ጋ… የለም፣ ትንሽ ዝቅ… ወንፊቱ ነው ይሄ።» ጣታቸው ባለበት ምልክት አድርጌ እመታለሁ። የባላቸውን ካፖርት ምስማር ቦታ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከእኔ ትከሻ በላይ ነበር፤ ሰውየው ረጅም ነበሩ። ቡፌውን ወደ ጥንቱ ቦታ መለስነው፤ የእህታቸው ልጅም አንዳንድ ቅዳሜ ይመጣል።

የመጨረሻው የእንዝርቱ ነበር። እሱን በእኔ አላስመቱኝም። ምስማሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ መዶሻውን ተቀብለው፣ በለዘብታ አራቴ አምስቴ መቱት። እንዝርቱን ሰቀሉ። ወደ አልጋቸው ሄደው ተቀመጡ፤ ተነስተው ሦስት እርምጃ ተራመዱ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ አገኙት። መልሰው ሰቅለው እንደገና ሞከሩ። እንደገና አገኙት።

«በል እንግዲህ መብራቱን አጥፋውና ሂድ፤ መሽቶብሃል» አሉኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«ማክሰኞ ትመጣ የለ?»

«እመጣለሁ፣ እማማ።»