ንስሐ በገመድ

ጎጃም ውስጥ ሰው ነፍሱን ከመሬቱ ለይቶ አያያትም። አጎቴ በሁዳዴ ደውሎ «ነፍሴን ልታግዘኝ ና፤ ጠንካራ ገመድም ይዘህ ና» ሲለኝ፣ ነፍሱ ሳትሆን ገመዱ አስደነገጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጡ፣ ረቡዕ ገበያ አካባቢ፣ የገብስ ማሳ አለው። ሲያርስ ወደ ጎረቤቱ አንድ ትልም ያስገባል። አንዲት ትልም ኃጢአት አትመስልም፤ ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ወዲህ ሲጠራቀም ግን ደህና መደብ ይወጣዋል። ይኼን ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ። ካህን የሰማውን አያወጣም፤ ያወራልኝ ራሱ አጎቴ ነው፣ ያውም እየተቆጣ። «ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጀርባዬን አዘጋጅቼ፣ መጀመሪያ ድንበሩን መልስ አይሉኝም!»

አባ ልክ ናቸው። ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ጸጸት፣ ኑዛዜ፣ ቀኖና አለበት። እኛ የምንወደው ግን ስግደቱን ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት፣ መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ባሰኘው ደብር፣ በስቅለት ስንሰግድ እንውልና ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ሲያደርጉን ዕዳው ሁሉ የተከፈለ ይመስለናል። ወይራ ማሳ አይመልስም። ዘኬዎስ ያለው የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው፤ ሰገደ የሚል ሉቃስ አልጻፈም።

ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ግራ ጫማዬን ጭቃ ዋጠው። በአንድ ጫማ እያነከስኩ ገመድ ስጎትት ጎረቤትየው ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«ድንበርዎን ልመልስ ነው፣ አያ» አለ አጎቴ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው ቆየት ብለው «ገብሱሳ?» አሉ።

የገብሱን ነገር ማንም አላሰበውም ነበር። እኔ ዘኬዎስን ላነሣ አፌን ስከፍት አጎቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ በሁለት ኩንታል ተስማሙና የወሰኑን ድንጋይ አሸከሙኝ። አራት ክንድ ወዲያ ወስጄ ተከልኩት። ሽማግሌው ድንጋዩን ትኩር ብለው አዩት፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔም እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከታች ያለውን ልጅ ትንሽ ገፋ አድርጌዋለሁ። ገመዱ ከመጣ አይቀር…»

ወረድን። ሁለተኛውንም ድንጋይ የተሸከምኩት እኔው ነኝ፤ የነፍስ ሥራ ለካ ወገብ ይፈልጋል። የመጨረሻዋ ሚኒባስ ጡሩምባዋን እየነፋች ወደ ማርቆስ ስትወርድ ሰማኋት፤ እኔ ማሳ መካከል ነበርኩ።

የልጁ ሚስት ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። ድንጋዩንም፣ እግሬንም፣ ሽማግሌውንም በየተራ አየች።

«ባልሽ አለ?» አሏት።

«የለም፣ አያ። ፍርድ ቤት ሄዷል።»

«ምን ሊያደርግ?»

«አንቱን ሊከስ ነዋ!»