ባለላስቲኩ ገነት

የእንግሊዝ ጎልማሶች ናፍቆት ይዟቸዋል፤ የአገር ሳይሆን የኮምፒውተር። በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ባለላስቲክ ቁልፉ ዜድኤክስ ስፔክትረም ነው ዓይናቸውን በዕንባ የሚሞላው።

ሲያወሩለት ገነት ይመስላል። ገነቱም እንዲህ ነበር፦ ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይለቃል፣ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ በቀለም ይዥጎረጎራል፣ እናንተም ደቂቃዎቹን ትንፋሽ ውጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ሊያልቅ ሲል ካሴቱ አልተነበበም ይልና ቁጭ! እንደገና ከሀ። ቀንቷችሁ ማኒክ ማይነር የተባለው ጨዋታ ቢከፈት፣ ማዕድን ቆፋሪው ዊሊ ከከፍታ ወድቆ ይሞታል፣ ቅጠል ነክቶ ይሞታል፣ አየር አጥሮት ይሞታል። ነፍሶቹን ሲጨርስ ከላይ አንድ ግዙፍ ጫማ ወርዶ ይደፈጥጠዋል። ሃያ ዋሻ ነው፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነፍሶቹን ብትጨርሱም መጀመሪያው ይጠብቃችኋል። (ይህን ነው እንግዲህ «ደጉ ዘመን» የሚሉት።)

በ2024 ናፍቆታቸው ተሰማላቸውና ማሽኑ ዳግም ተወለደ። ላስቲኩ አለ፤ ካሴትና ጥበቃ የለም። 48 ጨዋታ ሆዱ ውስጥ ይዟል፤ የሞተ ተጫዋችንም ሰከንዶች ወደ ኋላ መልሶ ያስነሳል። ጎልማሶቹም ሞቱን በቁልፍ እየሻሩ፣ «የዛሬ ልጅ እኮ ትዕግሥት የለውም» ይላሉ።